«ነፃ» እና «በነፃ»

ደብዳቤው የደረሰኝ አምና በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ደብዳቤ የምለው በልማድ ነው እንጂ ማኅተምም ፊርማም የለውም፤ በኢሜይል የመጣ፣ ከላይ የኩባንያው አርማ ያለበት፣ ከታች ደግሞ ደረጃዬን እንዳሳድግ የምትጋብዝ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ የተቀመጠችበት ጽሑፍ ነው። በመጀመሪያው ንባብ የምሥራች መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው ግን መርዶ መሆኑ ገባኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. አምስት ጓደኛሞች ሆነን አንድ አነስተኛ ድረ ገጽ ከፍተን ነበር። አጫጭር ልቦለዶችን፣ የመጻሕፍት ሂሶችን፣ አንዳንዴም የምናከብራቸውን ሰዎች ድምፅ እናወጣበታለን። ገንዘብ አልነበረንም፤ የኮምፒዩተር ሙያም አልነበረንም፤ ከአምስታችን የተረፈ ነገር ቢኖር የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሳይጠይቁ ድረ ገጽ ከሚያሠሩት አገልግሎቶች አንዱን መረጥን። የኩባንያውን ስም እዚህ አልጠራም። የግል ቂም መወጫ እንዲሆን መጽሔት አይታተምም፤ ደግሞም ነገሩ የአንድ ኩባንያ ጠባይ ብቻ አይደለም።

በሠፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜ ልካቸውን ጽፈው ያላሳተሟቸውን አሥራ አንድ አጫጭር ታሪኮች በገዛ ድምፃቸው አነበቡልን። በአንደኛው ጓደኛችን ስልክ ቀርጸን ገጻችን ላይ አኖርነው። ስቱዲዮ የገባ ነገር አይደለም፤ በየመሐሉ የሚስሉት ሳል አለ፣ ገጽ ሲገልጡ የሚሰማው አለ፣ ከአጥር ወዲያ የጎረቤት አውራ ዶሮ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሼ ዐረፉ። የተቀረጸበት ስልክ ደግሞ ቀደም ብሎ ታክሲ ውስጥ ተሰርቆ ነበር። ድምፃቸው የቀረው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን ሌላ ቅጂ አለማስቀመጣችን የራሳችን ጥፋት ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ደብዳቤው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ድምፅ የማጫወቻው ክፍልና የገጹን ይዘት በአንድ ጊዜ ማውረጃው ክፍል እስከዚያ ቀን ለሁሉም ክፍት ነበሩ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን ወርኃዊ ክፍያ ለሚከፍሉ ደንበኞች ብቻ ይሆናሉ። ምንም የሚሰረዝ ነገር የለም። የጋሼ ድምፅ እዚያው ይኖራል። ቁልፍ ይገባበታል እንጂ! ቁልፉ ደግሞ በወር 18 ዶላር ነው።

* * *

የሰው ጽሑፍ አንብቤ አስተያየት በመስጠት የምኖር ሰው ነኝና፣ ንዴቴ በረድ ሲል ደብዳቤውን እንደ አንድ ድርሰት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እንዲያው ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ስንቶቻችን ከዳር እስከ ዳር አንብበነዋል? ባለፉት ሃያ ዓመታት የተለመደ የጽሑፍ ዓይነት እየሆነ የመጣ ነገር ነውና ሂስ ቢጻፍበት አይበዛበትም።

አወቃቀሩ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ምስጋና ይመጣል፤ እርስዎ ደንበኛ ሳይሆኑ የቤተሰቡ አባል እንደሆኑ ይነገርዎታል። ቀጥሎ እድገት ይመጣል፤ ኩባንያው ይህን ያህል ሰዎች ዘንድ ደርሷል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቋንቋው ድንገት ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ «እኛ» እያለ ሲያመሰግንና ሲኩራራ የነበረው ደብዳቤ እዚህ ሲደርስ «አገልግሎቱ ተዛውሯል» ይላል። በሰዋስው ትምህርት ባለቤትና ተሳቢ ተምረናል። የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት አገልግሎቱ ራሱ ነው፤ ጓዙን ጠቅልሎ በገዛ እግሩ ወደ ተከፋዩ ክፍል የሄደ ይመስላል። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አገልግሎቱ ሆነ፤ የአገልግሎቱ ባለቤት ግን ከዐረፍተ ነገሩ ወጣ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ብልሃቱ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

አራተኛው አንቀጽ ምክንያት ማቅረብ ሲገባው ተስፋ ያቀርባል፤ ከፍለው የሚያገኟቸውን አዳዲስ ነገሮች ይዘረዝራል። ትናንት የነበረዎትና ዛሬ የተወሰደብዎ ነገርም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ፣ እንደ አዲስ ነገር፣ በጥሩ ቀለም ተጽፎ ይገኛል። ሂሴ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ዋጋ መጠየቁ አይደለም ያስቀየመኝ። የራሴን ዕቃ አዲስ ሸቀጥ አስመስሎ መልሶ ለእኔው ማቅረቡ ነው።

* * *

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ታሪክ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተፈጸመውም በአሜሪካን አገር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤን ትሮት እና ሚና ትሮት የተባሉ ወጣት ባልና ሚስት በኦክቶበር 2001 ሙቨብል ታይፕ የተባለ ሶፍትዌር አወጡ። ሥራው አንድ ተራ ሰው የኮምፒዩተር ቋንቋ ሳይማር የግል ማስታወሻውን፣ ብሎግ የሚባለውን ማለቴ ነው፣ በድረ ገጽ ላይ በየቀኑ እንዲያወጣ ማስቻል ነበር። ለግል ጥቅም ለሚፈልገው ዋጋ አይጠየቅበትም፤ የፈቀደ ሰው መዋጮ ይልካል። የልደት ቀናቸው በስድስት ቀን ስለሚለያይ ኩባንያቸውን «ሲክስ አፓርት» አሉት። ብዙ ሳይቆይ በዚያ ዘመን ስማቸው ከሚጠራ የድረ ገጽ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ይህን ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሆኑ። ጸሐፊዎቹ ይጽፋሉ፤ የጎደለውን ይጠቁማሉ፤ ሙያ ያላቸው ተጨማሪ ክፍሎችን ሠርተው ለሌላው ያካፍላሉ፤ ለወዳጅ ዘመድ ያስተዋውቃሉ። ከባልና ሚስት ጓዳ የወጣ ሥራ የአንድ ትውልድ ጸሐፊዎች መሣሪያ ለመሆን የበቃው በዚህ መንገድ ነው።

በሜይ 2004 ሦስተኛው እትም ወጣ። ከእትሙ ጋር አዲስ የዋጋ ዝርዝር መጣ። ዋጋ የማይከፈልበት ክፍል አልቀረም፤ ነገር ግን ለአንድ ጸሐፊና ለሦስት ገጾች ብቻ ተወሰነ። ከዚያ በላይ የሆነ በጸሐፊና በገጽ ብዛት እየተቆጠረ ይከፍላል። ከጓደኞቹ ጋር የጋራ ገጽ የከፈተ፣ ለእናቱና ለእኅቱ አንድ አንድ ገጽ የሠራላቸው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ራሱን ከባለ ዕዳ መዝገብ ውስጥ አገኘው። ቁጣው ወዲያው ነደደ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ አንዳንዱን ገደብ አላላ፤ ይሁን እንጂ አንዴ የተሰበረው አልተጠገነም።

ለኩባንያው ፍትሕ ልስጥ። አሮጌውን እትም የያዘ ሰው በአሮጌው ውል መጠቀሙን እንዲቀጥል የከለከለው የለም። ታዲያ ሰዎች ምን አስጮኻቸው? ጥያቄውን ከሁሉ አጥርቶ የመለሰው ማርክ ፒልግሪም የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያና ጸሐፊ ነው። ክርክሩን በራሴ አገላለጽ ላቅርበው። የማይታደስ ሶፍትዌር ሟች ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ዓለም ሲለወጥ ይቆማል። እኔ ላድሰው ብል ደግሞ ውሉ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ «አሮጌውን ያዝ» ማለት «እስኪሞት ድረስ ያዘው» ማለት ነው።

ይህ ሰው ያደረገውን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ያሉትን ገጾችና ጸሐፊዎች ቆጥሮ በአዲሱ ዋጋ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው አሰላ፤ 535 ዶላር ሆነ። ገንዘቡን አውጥቶ ከፈለ። የከፈለው ግን ለሲክስ አፓርት አይደለም። ያኔ ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ለነበረው፣ ማንም ዋጋ ለማይጠይቅበት ዎርድፕሬስ ለተባለ ሶፍትዌር ሠሪዎች በስጦታ ሰጥቶ፣ ገጹንም ወደዚያው አዛወረ።

እንግዲህ ሰውየው ቆጥቋጣ ነው ልንል አንችልም። አንዲት ሳንቲም አላተረፈም። በዚያው ገንዘብ የገዛው ሌላ ነገር ነው። ምን ገዛ?

* * *

መልሱ ያለው በአማርኛችን ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ «ፍሪ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ ገንዘብ የማይከፈልበትንም፣ በማንም የማይታዘዘውንም። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ በ1983 የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄውን ከጀመረ ወዲህ እሱና ተከታዮቹ የሁለቱን ልዩነት ሲያስረዱ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እኛ በአንዲት ፊደል እንገላገለዋለን። «ነፃ» ሌላ ነው፤ «በነፃ» ሌላ ነው። ባሪያ በነፃ ቀለብ ይበላል፤ ነፃ ግን አይደለም። ነፃ ሰው ለምሳው ይከፍላል።

ሙቨብል ታይፕ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነበር። ዎርድፕሬስ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የኋለኛው የሚገዛበት የፈቃድ ውል ጂ.ፒ.ኤል. ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በ1989 ነው። ውሉ ለማንኛውም ሰው አራት መብቶች ይሰጣል፤ ሶፍትዌሩን ለፈለገው ጉዳይ የመጠቀም፣ ውስጡን መርምሮ የመለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላው የመስጠት፣ የለወጠውንም የማካፈል። ከመብቶቹ አንዱም ስለ ዋጋ አይናገርም። መሸጥ ይቻላል። የማይቻለው ነገር አንድ ነው፤ ከሰጡ በኋላ መንሣት።

ይህ ባዶ ቃል እንዳልሆነ የዎርድፕሬስ አወላለድ ራሱ ይመሰክራል። ከእሱ በፊት ሚሼል ቫልድሪጊ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው ቢ-ቱ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። ሠሪው በ2002 ሥራውን ተወት አድርጎ ድምፁ ጠፋ። ሌላ ሶፍትዌር ቢሆን ከባለቤቱ ጋር በቀረ። ሆኖም ፈቃዱ ጂ.ፒ.ኤል. ነበርና ማንም ሊቀጥለው ይችላል። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ የሚኖር ማት ማለንዌግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በጃኑዋሪ 2003 «ልቀጥለው አስቤአለሁ» የሚል ሐሳብ አወጣ። ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ «እኔም አለሁበት» አለው። በሜይ 2003 ዎርድፕሬስ ተወለደ። በተከታዩ ዓመት፣ የሲክስ አፓርት የዋጋ ዝርዝር ወጥቶ ዘጠኝ ቀን እንደሆነው፣ 1.2 የተባለው እትሙ ወጣና የተቆጡት ስደተኞች ማረፊያ አገኙ። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ የሚበልጡት በዚህ ሶፍትዌር የተሠሩ ናቸው። ሙቨብል ታይፕ በ2007 መጨረሻ ላይ እሱም በጂ.ፒ.ኤል. ወጥቶ ነበር፤ ግን ገበያው ካለፈ በኋላ ነው። በ2013 በወጣው ስድስተኛ እትም ደግሞ ያንኑ መልሶ ተወው። የኩባንያው ታናሽ ልጅ የነበረው ታይፕፓድ የሚባለው አገልግሎት ከሌላ ባለቤት እጅ ገብቶ ቆይቶ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ለዘለቄታው ተዘጋ።

ይህን በአገራችን ቋንቋ ደቦ ልንለው እንችላለን። ሆኖም ስለ ደቦ ስናወራ የምንረሳው ነገር አለ። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፤ እንጀራ ይጋግራል። በባዶ ሆዱ ሲቆፍር የሚውል ደቦኛ የለም።

* * *

ስለዚህ ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች እንደ ማንኛችንም ቤት ኪራይ ይከፍላሉ፤ ልጅ ያስተምራሉ። ፎቶግራፍና ድምፅ የሚቀመጥባቸው ማሽኖች መብራት ይበላሉ፤ ያረጃሉ፤ ይቀየራሉ። «ለምን በነፃ አልሆነም» ብሎ የሚቆጣ ጸሐፊ፣ የራሱን ጽሑፍ «በነፃ ስጠን» ሲሉት ምን እንደሚሰማው ያስታውስ። እኔ ራሴ የድርሰት ዋጋዬ ሦስት ወር ሲዘገይ ዋና አዘጋጁን እንዴት እንደማነጋግር የማውቅ ሰው ነኝ!

እንግዲያስ ጥያቄው ዋጋ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ አይደለም። እንዴት ተጠየቀ ነው። ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

ፎቶባኬት የተባለው ኩባንያ ሰዎች ፎቶግራፋቸውን እሱ ዘንድ አስቀምጠው በሌላ ድረ ገጽ ላይ እንዲያሳዩት ለዓመታት በነፃ ፈቅዶ ነበር። መኪና የሚጠግኑ፣ አትክልት የሚተክሉ፣ ዕቃ በድረ ገጽ የሚሸጡ ሰዎች ፎቶግራፎቻቸውን እዚያ አከማቹ። በጁን 2017 መጨረሻ ኩባንያው ውሉን ለወጠ፤ በሌላ ገጽ ላይ ማሳየት የሚቻለው በዓመት 399 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለሚከፍል ብቻ ሆነ። በቅጽበት በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ገጾች ላይ የነበሩ ፎቶግራፎች ጠፍተው በቦታቸው የክፍያ ማሳሰቢያ ሥዕል ተተካ። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የአሮጌ መኪና ሞተር አፈታትን ደረጃ በደረጃ በፎቶግራፍ ያስረዳበት ገጽ፣ ጽሑፉ ብቻ ቀርቶ ዕውር ሆነ። ያ ሰው ምናልባት ሞቷል፤ ምናልባት የይለፍ ቃሉን ረስቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የተጎዳው ፎቶግራፉን ያኖረው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሊማርበት የመጣው የማያውቀው መንገደኛም ነው። ኩባንያው በተከታዩ ዓመት ዋጋውን በብዙ ቀነሰ፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ሁለተኛው ፍሊከር ነው። እሱም የፎቶግራፍ ማኖሪያ ነው። ያሁ ባለቤቱ በነበረበት ጊዜ፣ በ2013፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ቴራባይት፣ ማለትም ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልክ የማይሞላ ቦታ፣ በነፃ ሰጠ። በ2018 ስመግመግ የተባለ ኩባንያ ገዛው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የነፃው ክፍል በ1,000 ፎቶግራፎች እንዲወሰን አደረገ። ይህም ሰጥቶ መንሣት ነው፤ ይህም አስቆጥቷል። ልዩነቱ ግን ይታያል። ምክንያቱን ፊት ለፊት ተናገረ፤ የማይከፈልበት አገልግሎት ገንዘቡን የሚያገኘው ተጠቃሚውን ለማስታወቂያ ነጋዴ በመሸጥ ነው፣ እኛ ያን አንፈልግም አለ። ሰዎች ዕቃቸውን እንዲያወጡ የወራት ጊዜ ሰጠ፤ ቀኑ ሲደርስም ጨመረ። ባለቤቶቻቸው «ማንም ይጠቀምባቸው» ብለው ክሪየቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ከዚያ በፊት ያወጧቸውን ፎቶግራፎችም እንደማይነካ ቃል ገባ። ዋጋው መረረ እንጂ በሩ አልተቆለፈም።

ከሁለቱ ታሪኮች አንድ የሂስ መመዘኛ ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ስለ ዋጋው መጠን አትጠይቅ፤ ስለ በሩ ጠይቅ። ከውስጥ ሆነህ ዕቃህን ይዘህ መውጣት ትችላለህ ወይ? የምትችል ከሆነ የተነሣብህ ምቾት ነው፤ ምቾት ደግሞ ይገዛል። የማትችል ከሆነ የተያዘው የራስህ ንብረት ነው፤ የሚጠየቀውም ዋጋ ሳይሆን የመያዣ ገንዘብ ነው። እኔን ያናደደኝ ድምፅ ማጫወቻው ተከፋይ መሆኑ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ማውረጃው አብሮ መቆለፉ ነው።

* * *

«እንግዲያው ሁሉም ሰው ወደ ነፃው ይግባና እንገላገል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ነገሩ እንደዚያ ቢቀል ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ዎርድፕሬስ ራሱ በ2024 ከባድ ፈተና ውስጥ ገባ።

በዎርድፕሬስ ላይ የሚቀጠሉ ተጨማሪ ክፍሎች አሉ፤ ፕለጊን ይባላሉ። ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በሁለት እርከን ነው፤ መሠረታዊው በነፃ ይሰጣል፣ የላቀው ይሸጣል። አድቫንስድ ከስተም ፊልድስ የሚባለውና ከሁለት ሚሊዮን በላይ ገጾች የሚጠቀሙበት ክፍል ከነዚህ አንዱ ነው፤ ባለቤቱ ደብልዩ ፒ ኤንጂን የተባለ ኩባንያ ነው። በማለንዌግና በዚህ ኩባንያ መካከል ጠብ ተነሥቶ በኦክቶበር 2024 ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያው ወር ማለንዌግ የኩባንያውን ክፍል ከዋናው የፕለጊን ማከፋፈያ ላይ በራሱ ቅጂ ተካው፤ ለደኅንነት ሲባል ነው አለ፤ ወደ ተከፋዩ እርከን የሚጋብዙትንም ማስታወቂያዎች አነሣ። ከማከፋፈያው ያዘምኑ የነበሩ ተጠቃሚዎች ሳይጠየቁ በአዲሱ ስም ሥር ገቡ። በዲሴምበር ወር ፍርድ ቤቱ ባስተላለፈው ጊዜያዊ ትእዛዝ ማከፋፈያው ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ጠቡ ውስጥ ማን ትክክል ነው የሚለውን ለዳኞች ልተወው። ለእኛ ለተራዎቹ የሚበቃን ትምህርት አለ። ፈቃዱ ነፃ ነበር፤ ማከፋፈያው ግን በአንድ ሰው እጅ ነበር። ቤቱ የሁሉም ሆኖ መንገዱ የአንድ ሰው ከሆነ የቤቱ ነፃነት ግማሽ ነው። እንዲህም ሆኖ ከሌላው ወገን ይሻላል እላለሁ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ መንገዱ ላይ ክርክር ይደረጋል። በሩ በተቆለፈበት ቤት ክርክርም የለም፤ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚመጣው።

* * *

ወደ ጋሼ ድምፅ ልመለስ። 18 ዶላሩን ለመክፈል ወሰንን። አምስታችን ብር አዋጣን። ያኔ ሌላ ነገር ተገለጠልን። በጁላይ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ አንድ ነገር ነው። ብሩ ቢኖረንስ? ከአምስታችን የባንክ ካርዶች አንዱንም የኩባንያው ማሽን አልተቀበለም። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው፣ መክፈል ፈልጎ መክፈል የማይችል አንባቢ ይኖራል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። በአሜሪካኖቹ ታሪክ ውስጥ የተቆጣ ሰው ቢያንስ ምርጫ ነበረው፤ ከፍሎ ይቀራል፣ ወይም ይሄዳል። እኛ ዘንድ ለመሄድም መጀመሪያ መክፈል ነበረብን፤ ለመክፈል ደግሞ ውጭ አገር ዘመድ ማፈላለግ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እኅቴ ጋ ደወልኩ። «ወንድምዓለም፣ ለአሥራ ስምንት ዶላር ነው እንዴ እንዲህ የተጨነቅከው?» ብላ ሳቀችና የአንድ ወር ከፈለችልን። አሥራ አንዱንም ቅጂ አወረድን፤ ጽሑፎቻችንንም አወጣን። ወሩ ሳያልቅ ውሉን አቋረጥን።

እዚህ ላይ ነው ስለ ራሳችን ጥፋት መናገር ያለብኝ። አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደምቁ ብለዋል። እኛ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ወርቅ ደምቀን ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ብር አልከፈልንም፤ ስድስት ዓመት አንድ ቅጂ አላስቀመጥንም፤ የተስማማንበትን ውል ከአምስታችን አንዳችንም አላነበብነውም። ውሉ ኩባንያው በፈለገ ጊዜ አገልግሎቱን ሊለውጥ እንደሚችል በግልጽ ይላል። በኋላ አየሁት። ሰው የኪራይ ቤት ሲገባ እንኳ የውኃ ቧንቧውን ከፍቶ ያያል፤ እኛ የሙት ድምፅ አደራ ይዘን ስንገባ በሩን እንኳ አላየንም።

አሁን ገጻችን በነፃው ሶፍትዌር ተሠርቷል። በነፃ ግን አይደለም። ለሚቀመጥበት ቦታ በየዓመቱ አምስታችን እናዋጣለን። የመጀመሪያው መዋጮ ሲሰበሰብ አንዱ ጓደኛችን «ድሮ በነፃ ነበረን እኮ» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ግን አዋጣ። የጋሼን ቅጂ ደግሞ ሦስት ቦታ አስቀምጠነዋል፤ አንዱን በፍላሽ አድርገን ለልጃቸው ሰጠናት። በስልክ ነገረችኝ፤ ታሪኮቹን ገና አላዳመጠቻቸውም። ሦስተኛው ላይ ካለው ሳል አላለፈችም። አውራ ዶሮውንም አውቃዋለች፤ የማን እንደነበር ነግራኛለች።

አንባቢ ሆይ፣ በስልክዎና በኮምፒዩተርዎ ላይ በነፃ የተቀመጠልዎት ነገር ብዙ ይሆናል፤ የልጆችዎ ፎቶግራፍ፣ የእናትዎ ድምፅ፣ ያላሳተሙት ግጥም። ደብዳቤው እስኪመጣ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ከፍተው ይመልከቱት፤ ማስገቢያውን ሳይሆን ማውጫውን ይፈልጉ። ማውጫው የት እንዳለ ካጡት፣ ያ ነገር የእርስዎ መሆኑን በምን ያውቃሉ?